ደብዛዛውን ጅራታም ኮከብ ከአዲስ አበባ ሳንወጣ በባይኖኩላር ማየት ይቻላል?

ጠያቂ፦ የጀሞዋ እናት
ረቡዕ የካቲት 1 ቀን 2015 ዓ.ም.

ጤና ይስጥልኝ። ሲ/2022 ኢ3 ዜድቲኤፍ የሚል ስም የተሰጠው፣ በየማኅበራዊ ሚዲያው ግን «አረንጓዴው ጅራታም ኮከብ» እየተባለ የሚወራለት የሰማይ እንግዳ ሰሞኑን በምድር አቅራቢያ እያለፈ መሆኑን ሰምታችኋል። ልጆቼ ፎቶግራፉን ካዩ ወዲህ «እኛስ መቼ ነው የምናየው?» እያሉ ስለሚወተውቱኝ ከባለቤቴ ወንድም አንድ ባይኖኩላር ተውሻለሁ። በላዩ ላይ 10×50 የሚልና ዝቅ ብሎ 6.5° የሚል ጽሑፍ አለበት፤ የቁጥሮቹን ትርጉም የሚያስረዳኝ ባገኝ ደስ ይለኛል።

የምኖረው ጀሞ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በረንዳችን ወደ ምሥራቅ የሚመለከት ሲሆን ከፊት ለፊቱ የመንገድ መብራት ተተክሏል። ትናንት ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ወጥቼ ሰማዩን በባይኖኩላሩ ዳስሼው ነበር፤ ሆኖም ከጨረቃዋ ብርሃን የተነሣ ጎላ ጎላ ካሉት ከዋክብት በቀር ምንም አላየሁም። በእንግሊዝኛ የተጻፉ መመሪያዎችንም አንብቤ ነበር፤ ይሁን እንጂ «ወደ ደቡብ ዞራችሁ ከፍ አድርጋችሁ ተመልከቱ» የሚለው ምክራቸው ከእኛ ሰማይ ጋር አልገጥም ብሎኛል።

ስለዚህ ልምዱ ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች እንድትረዱኝ የምጠይቀው ይህን ነው። ከከተማ ሳንወጣ፣ በዚህ መሣሪያ ብቻ፣ ይህን ጅራታም ኮከብ ማየት ይቻላል ወይ? የሚቻል ከሆነስ በስንት ሰዓት፣ ወደ የትኛው የሰማይ ክፍል ልመልከት? ያየሁት ነገር በእርግጥ እርሱ መሆኑንስ በምን ላውቅ እችላለሁ?


መልስ፦ ሰማይ ቆጣሪ
ረቡዕ የካቲት 1 ቀን 2015 ዓ.ም.

ጤና ይስጥልን፣ እኅታችን። ይቻላል፤ ደግሞም ከመጪው አርብና ቅዳሜ የተሻለ ምሽት አያገኙም።

ደብዛዛ ጅራታም ኮከብ ፍለጋ ላይ ሰዎችን የሚያሸንፋቸው አብዛኛውን ጊዜ የመሣሪያቸው አቅም ማነስ ሳይሆን የሚፈልጉት ነገር የት እንዳለ በትክክል አለማወቃቸው ነው። ባይኖኩላርዎ ላይ የተጻፈው 10 አሥር ጊዜ አቅርቦ እንደሚያሳይ፣ 50 የፊተኛው ሌንስ ስፋት 50 ሚሊ ሜትር እንደሆነ፣ 6.5° ደግሞ በአንድ ጊዜ የሚያሳይዎ የሰማይ ክፍል 6.5 ዲግሪ ስፋት ያለው ክብ መሆኑን ይናገራል። ሙሉ ጨረቃ ግማሽ ዲግሪ ያህል ስለምትሰፋ፣ አሥራ ሦስት ጨረቃዎች ጎን ለጎን ቢደረደሩ ክቡን ከዳር እስከ ዳር ይሞሉታል። ይህ ስፋት ለአንድ ባይኖኩላር ጥሩ ነው፤ ከመላው ሰማይ አንጻር ግን ጠባብ ስለሆነ፣ ያለ ምልክት በዘፈቀደ የሚዳስስ ሰው ሌሊቱ ቢነጋም ላያገኝ ይችላል።

በዚህ ሳምንት መጨረሻ ግን ማርስ ራሷ ምልክት ትሆነናለች። ጅራታም ኮከቡ ከጥቂት ቀናት በፊት ካፔላ በምትባለው ደማቅ ኮከብ አጠገብ አልፎ፣ በአሁኑ ጊዜ በየቀኑ ሦስት ዲግሪ ያህል እየተጓዘ ሰውር ወደሚባለው የከዋክብት ምድብና አልደባራን ወደተባለው ኮከብ እየወረደ ነው። በዚህ መንገዱ ላይ አርብ የካቲት 3 ምሽት ከማርስ ወደ ካፔላ በኩል፣ ቅዳሜ የካቲት 4 ምሽት ደግሞ ማርስን በምሥራቅ በኩል አልፎ ወደ አልደባራን በኩል ሆኖ ይገኛል። በሁለቱም ምሽቶች ከማርስ የሚኖረው ርቀት ከሁለት ዲግሪ ብዙም ስለማይበልጥ፣ ማርስን በባይኖኩላርዎ ካገኙ የሚፈልጉት ነገር እዚያው ክብ ውስጥ አለ ማለት ነው።

ማርስ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል በኋላ ከአናትዎ በላይ ወደ ሰሜን ጥቂት ጋደል ብላ፣ ብርቱካንማ መልክ ይዛ፣ ሳትርገበገብ ትታያለች። ከእርሷ በስተደቡብ፣ ክንድዎን ዘርግተው ሲያዩት የተጨበጠ እጅዎ ከሚሸፍነው ስፋት በማይበልጥ ርቀት ላይ፣ ቀላ ያለ ሌላ ኮከብ አለ፤ አልደባራን እርሱ ነው። ማርስ ስለምትደምቅ ሁለቱ አይምታቱብዎትም።

እንግሊዝኛዎቹ መመሪያዎች ያልገጠሙልዎ የተጻፉት በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ለሚኖሩ ሰዎች ስለሆነ ነው። ማርስ በአሁኑ ወቅት ከምድር ወገብ 25 ዲግሪ ገደማ ወደ ሰሜን ርቆ በሚገኝ አገር አናት ላይ ታልፋለች። ከዚያ በላይ በስተሰሜን ያሉት ሰዎች እርሷን ለማየት ወደ ደቡብ ይዞራሉ፤ በ9 ዲግሪ ላይ የምንገኘው እኛ ግን ወደ ሰሜን እንዞራለን። «ከማርስ በላይ በስተግራ» የመሳሰለው አገላለጻቸውም በዚሁ ምክንያት ለእኛ ይገለበጣል። ስቴላሪየም የተባለውን ፕሮግራም በስልክዎ ጭነው ቦታውን አዲስ አበባ ቢያደርጉት ትክክለኛውን አቀማመጥ ያሳይዎታል። የውጭ ድረ ገጾች የሚጽፉት ሰዓት ዓለም አቀፉን ከሆነ ሦስት ሰዓት መጨመር እንዳለብዎም አይዘንጉ።

ስለ ሰዓቱ ደግሞ፣ ፀሐይ ከምሽቱ 12፡35 ገደማ ብትጠልቅም የጀምበር ብርሃን ከሰማይ ጨርሶ የሚጠፋው 1፡45 አካባቢ ነው። ጨረቃ እሑድ ጥር 28 ሙሉ ስለነበረች ከዚያ ወዲህ በየምሽቱ ከአርባ አምስት እስከ ሃምሳ ደቂቃ እየዘገየች ትወጣለች፤ ትናንት በ3 ሰዓት ሲመለከቱ ያስቸገረችዎ ቀድማ ወጥታ ስለነበር ነው። አርብ ዕለት የምትወጣው ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ስለሚሆን ከ1፡45 እስከዚያ ድረስ ያለው ጊዜ በሙሉ ጨለማ ነው።

የሚቀረው የቦታው ጉዳይ ነው። በረንዳዎ ለዚህ ሥራ አይጠቅምም፤ ጨለማው በሚመቸው ሰዓት ማርስ አናት ላይ ስለምትሆን የላይኛው ፎቅ ይከልልዎታል፤ በስተመጨረሻም የምታዘቀዝቀው ወደ ምዕራብ ነው እንጂ ወደ እርስዎ በረንዳ አይደለም። ወደ ግቢው ይውረዱ። የሚፈልጉት ነገር አናት ላይ ስለሆነ የአድማሱ መከለል ምንም አይጎዳዎትም፤ እንዲያውም በሁለት ብሎኮች መካከል ወይም ከጋራ መገልገያ ቤቱ ጀርባ ቢቆሙ ሕንፃዎቹ የመንገዱን መብራት ይጋርዱልዎታል። በፎቅ መካከል መኖር ለሰማይ ተመልካች የሚጠቅምበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ይህ አንዱ ነው።


መልስ፦ ናሁ
ረቡዕ የካቲት 1 ቀን 2015 ዓ.ም.

ተስፋ ማስቆረጥ ባልፈልግም የራሴን አስተያየት ልስጥ። እኔ የምኖረው ቦሌ አካባቢ ነው፤ ባለፈው ሳምንት በተመሳሳይ ባይኖኩላር ደጋግሜ ብፈልግም ምንም አልታየኝም። ከተማው ውስጥ ያለው መብራት፣ አቧራና ጭስ ተደማምሮ ሰማዩን ግራጫ አድርጎታል። በእኔ እምነት ቢያንስ ወደ ሱሉልታ ወይም ወደ እንጦጦ ጀርባ መውጣት ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ በደንብ የሚያጎላ ቴሌስኮፕ ካልተገኘ በቀር ልጆቹን በብርድ ማቆሙ ድካም ብቻ እንዳይሆን እሰጋለሁ።


መልስ፦ የደብረ ብርሃኑ
ረቡዕ የካቲት 1 ቀን 2015 ዓ.ም. ምሽት

አሁን ከደጅ መግባቴ ነው። ጨረቃ ሳትወጣ በነበረችው አንድ ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ፣ ከካፔላ ወደ ማርስ በሚወስደው መንገድ መካከል አካባቢ፣ በ7×50 ባይኖኩላር አይቼዋለሁ። እርግጥ ነው የእኛ ከተማ ከአዲስ አበባ ከፍ ያለ፣ መብራቱም ያነሰ ስለሆነ ሁለቱን ማወዳደር አይገባም። ነገር ግን ወንድማችን ናሁ ባለፈው ሳምንት ያላዩበት ምክንያት ከተማው ብቻ አይመስለኝም። በጥር መጨረሻ ሳምንት ጨረቃ ሙሉ ወደ መሆን ተቃርባ ሌሊቱን ስታበራ ነበር፤ እንዲያ ባለ ጊዜ ደብረ ብርሃንም ብሆን አላየውም ነበር።

ቴሌስኮፕ የተባለውን ግን አልቀበለውም። ይህ ዓይነቱ ነገር እንደ ኮከብ ነጥብ ሆኖ አይታይም፤ ብርሃኑ ሰፋ ባለ ቦታ ላይ የተበተነ ስለሆነ አብዝተን ባጎላነው ቁጥር ይበልጥ ይሳሳል፤ የምናየውም የሰማይ ክፍል ስለሚጠብ ፍለጋው ይከብዳል። ገበያ ላይ «ከ10 እስከ 90 ጊዜ ያቀርባል» ተብለው የሚሸጡትን፣ ሌንሳቸው እንደ መስታወት ቀይ የሚያብለጨልጭ ባይኖኩላሮችም አይግዙ፤ የተዋሱት 10×50 ከእነርሱ ሁሉ ይሻላል። ሃምሳ ሚሊ ሜትር ሌንስ በጨለማ በደንብ ከተከፈተ የዓይን ብሌን ሃምሳ እጥፍ ያህል ብርሃን ይሰበስባል፤ ለዚህ ጉዳይ የሚያስፈልገው ይኸው ነው።

ምን እንደሚመስል ለማወቅ ለሚፈልግ፣ በመስታወት ላይ የተተነፈሰ እስትንፋስ የሚተወውን ጭጋግ ያስብ፤ ክብ፣ ግራጫ፣ መሐሉ ጥቂት ጠንከር ያለ፣ ጠርዙ የት እንደሚያልቅ የማይታወቅ። አረንጓዴ አይደለም፤ ጅራትም አላየሁለትም።


ጠያቂ፦ የጀሞዋ እናት
ሐሙስ የካቲት 2 ቀን 2015 ዓ.ም.

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የበረንዳውን ነገር ፈጽሞ አላሰብኩትም ነበር። ከጋራ መገልገያ ቤታችን ጀርባ መብራት የማይደርስበት ጥግ ስላለ የብሎኩን ኮሚቴና የግቢውን ጥበቃ ከወዲሁ አነጋግሬያለሁ፤ ጥበቃው በምሽት ባይኖኩላር ይዞ የሚዞር ሰው ቢያዩ እንደሚጠራጠሩ ነግረውኝ ነበርና ማስታወቄ ሳይጠቅም አልቀረም።

ሁለት ነገሮች ግን ይቀሩኛል። አንደኛ፣ እኔ መነጽር አደርጋለሁ፤ በባይኖኩላሩ ስመለከት ላውልቀው ወይስ እንዳደረግሁ ልይ? ትናንት ከዋክብቱ ሁለት ሁለት እየሆኑ አስቸግረውኛል። ሁለተኛ፣ አናት ላይ ያለን ነገር ቀና ብሎ ማየት አንገት ያደክማል፤ እጅም ይንቀጠቀጣል። ለዚህ ምን ታደርጋላችሁ?


መልስ፦ ጡረተኛው መምህር
ሐሙስ የካቲት 2 ቀን 2015 ዓ.ም.

ልጄ፣ መነጽርሽ ለርቀት ወይም ለቅርብ እይታ ብቻ ከሆነ አውልቂው፤ ባይኖኩላሩ ራሱ ያስተካክልልሻል። የታዘዘልሽ አስቲግማቲዝም ለሚባለው የዓይን ቅርጽ መዛባት ከሆነ ግን እንዳደረግሽው ቆዪና በዓይን ማሳረፊያው ላይ ያለውን ጎማ ወደ ታች አጥፈሽ ተመልከቺ። ከዋክብት ሁለት የሚሆኑት በአብዛኛው በሁለቱ በርሜሎች መካከል ያለው ርቀት ከዓይኖችሽ ርቀት ጋር ሳይገጥም ሲቀር ነው፤ ሁለቱ ክቦች አንድ ክብ እስኪሆኑ ድረስ ማጠፊያውን አስተካክይ። ቀጥለሽ ቀኝ ዓይንሽን ጨፍነሽ በግራው ብቻ ማርስን እያየሽ የመሐሉን መዘውር አዙሪ፤ ነጥብ ስትሆን አቁሚና በተራው ግራውን ጨፍነሽ በቀኙ በኩል ያለውን ቀለበት አስተካክይ። ይህን ሳያደርግ ደብዛዛ ነገር የሚፈልግ ሰው ከዋክብቱ ሁሉ ጭጋግ ሆነው ስለሚታዩት ጅራታሙን ከጅራት አልባው አይለይም።

ስለ አንገትሽ፣ መቆሙን ተይው። ሰሌን ወይም ፍራሽ አንጥፈሽ፣ ጋቢሽን ደርበሽ በጀርባሽ ተኚ፤ ክርኖችሽ ደረትሽና ጎንሽ ላይ ሲያርፉ የእጅሽ መንቀጥቀጥ በአብዛኛው ይቆማል። ልጆቹም ተራ በተራ እንዲሁ ያድርጉ።

ከዚህ በላይ ግን አደራ የምልሽ ዓይንሽን ነው። ከብርሃን ወደ ጨለማ የገባ ዓይን ጨለማውን በሚገባ ለመልመድ ከሃያ እስከ ሠላሳ ደቂቃ ይፈጅበታል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ አንድ ጊዜ ስልክ ከፍቶ ማየት ድካሙን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል። የስቴላሪየሙን ካርታ ቤት ውስጥ አጥንተሽ ውጪ፤ የግድ ብርሃን ካስፈለገሽ ደብዘዝ ያለ ቀይ ይሁን። ጅራታም ኮከቡ ያለበትን ቦታ ካገኘሽ በኋላ ደግሞ በቀጥታ አትፍጠጪበት፤ ዓይንሽን ከእርሱ ጥቂት ፈንጠር አድርገሽ ሌላ ኮከብ ላይ አሳርፊና በጎን አስተውዪው። የዓይናችን መሐል ቀለምና ዝርዝር ለመለየት የተሠራ ስለሆነ ለደካማ ብርሃን ሰነፍ ነው፤ በጨለማ የሚያዩት ህዋሳት የሚበዙት ከመሐሉ ወጣ ብሎ ነው። ባይኖኩላሩን በጣትሽ ቀስ ብለሽ መታ መታ ብታደርጊውም ይረዳሻል፤ የሚንቀሳቀስ ጭጋግ ከማይንቀሳቀስ ይልቅ ለዓይን ይጎላል። ማርስም በብርሃኗ ስለምታደናግርሽ አንድ ጊዜ ከለየሻት በኋላ ከክቡ ጠርዝ ውጭ አስቀሪያት።

ጋዜጦች «የብሩህነት ደረጃው 6 ገደማ ነው» ሲሉ ብታነቢ አትታለዪ። ቁጥሩ ሲጨምር ብርሃኑ የሚቀንስበት ይህ መለኪያ፣ 6 ላይ ሲደርስ በጥሩ ጨለማ ዓይን ብቻውን የሚያየው የመጨረሻው ኮከብ ማለት ነው። ለጅራታም ኮከብ የሚሰጠው ቁጥር ግን የተበተነው ብርሃኑ ሁሉ ተጠቃልሎ ወደ አንድ ነጥብ ቢሰበሰብ ሊኖረው የሚችለው ድምቀት ነው። በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. 46ፒ ዊርታነን የተባለው ጅራታም ኮከብ በ11.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀት፣ ሰባቱ ከዋክብት ከሚባሉት ዘለላ አጠገብ ሲያልፍ ቁጥሩ ወደ 4 ተጠግቶ ነበር፤ ሆኖም ከሙሉ ጨረቃ በሚበልጥ ስፋት ላይ ስለተበተነ ከተማ ውስጥ ለሚኖር ሰው ከአሁኑ እንግዳ የሚቀል አልነበረም። የአሁኑ ሰብሰብ ያለ ነው። ጥር 4 ቀን ከፀሐይ በ166 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር አልፎ፣ ጥር 24 ቀን 42 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ድረስ ወደ እኛ ቀርቦ፣ አሁን እየራቀ ስለሆነ በየቀኑ ትንሽ በትንሽ ይደበዝዛል። ወደ ሱሉልታ የሚወስድሽን መኪና ስትጠባበቂ ሳምንት ከሚያልፍሽ፣ ነገ ግቢሽ ውስጥ ሆነሽ ማየቱ ይሻላል።

ሌላው ሰዎችን የሚያሳስተው፣ ጅራታም ኮከብ የሚመስሉ ሌሎች ጭጋጎች መኖራቸው ነው። ሻርል ሜሲዬ የተባለው ፈረንሳዊ በ1758 እ.ኤ.አ. አንድ ጅራታም ኮከብ ሲከታተል፣ በዚሁ በሰውር ውስጥ የማይንቀሳቀስ ጭጋግ አጋጠመው። ዛሬ ኤም1 የምንለው፣ የፈነዳ ኮከብ ቅሪት ነው። ሌሎች ፈላጊዎች በእንዲህ ያለው ነገር እንዳይሳሳቱ ብሎ ያዘጋጀው ዝርዝር በኋላ ከመቶ በላይ ነገሮችን አካተተ፤ የሥነ ፈለክ አፍቃሪዎች እስከ ዛሬ የሚጠቀሙበትም እርሱን ነው። እናንተ ደግሞ በካፔላ በኩል ስትዳስሱ ኤም36፣ ኤም37 እና ኤም38 የተባሉ የከዋክብት ዘለላዎች ሊያጋጥሟችሁ ይችላሉ፤ በባይኖኩላር ሲታዩ ትናንሽ ጭጋግ ናቸው። መለያው አንድ ነው፤ ጅራታም ኮከብ ቦታ ይለውጣል፤ እነዚህ አይለውጡም።


መልስ፦ ከቨርጂኒያ
ሐሙስ የካቲት 2 ቀን 2015 ዓ.ም.

እዚህ አሜሪካ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ በጥር አጋማሽ ገደማ ኮካብ ከምትባለው ኮከብ አጠገብ ሳለ ጎህ ሳይቀድ አይቼው ነበር። እናንተ ጋ በዚያን ጊዜ ወደ ሰሜን አድማስ ዝቅ ብሎ ስለነበር ለማየት አይመችም፤ አሁን ግን ተራው የእናንተ ነው። ማርስ በዚህ ወር እኛም ጋ እናንተም ጋ ወደ አናት ተጠግታ ትታያለች፤ ከአናት በላይ የሚታይ ነገር ደግሞ ብርሃኑ በስሱ አየር ውስጥ ስለሚያልፍ ይጠራል።

ልጆቹ አረንጓዴ ቀለም ጠብቀው እንዳያዝኑ አስቀድመው ይንገሯቸው። አረንጓዴው ቀለም እውነተኛ ነው፤ ሁለት የካርቦን አተሞች የተጣመሩበት ጋዝ በፀሐይ ብርሃን ተነቃቅቶ የሚሰጠው ነው። ነገር ግን በደካማ ብርሃን የሚያዩት የዓይናችን ህዋሳት ቀለም አይለዩም፤ ካሜራ ግን ለደቂቃዎች ብርሃን አጠራቅሞ ስለሚያነሣ ቀለሙንም ጅራቱንም ያወጣዋል። አዲስ ስልክ ካለዎት በጠንካራ ነገር ላይ አስደግፈው፣ በሌሊት ማንሻው ረዘም ላሉ ሰከንዶች ማርስን መሐል አድርገው ያንሡ። ምስሉን ሲያጎሉት ትንሽ አረንጓዴ ነጠብጣብ ካገኙ፣ በባይኖኩላሩ የት መፈለግ እንዳለብዎም ይጠቁምዎታል። ፎቶውን ከማንሣትዎ በፊት የስልኩን ብርሃን ዝቅ ማድረግዎን ግን አይርሱ፤ መምህሩ እውነታቸውን ነው።


ጠያቂ፦ የጀሞዋ እናት
ቅዳሜ የካቲት 4 ቀን 2015 ዓ.ም. ጠዋት

ጋሼ፣ እንዲሁም ሁላችሁም፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ትናንት ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ፍራሽ አንጥፈን ተኛን። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ቀድማ ያገኘችው ትልቋ ልጄ ነበረች፤ «ማርስን ወደ ዳር ሳወጣት አንድ የደበዘዘ ነገር አለ» አለች። እኔ በቀጥታ ሳየው ይጠፋብኛል፤ ዓይኔን ወደ ጎን ሳደርግ ይመለሳል። ክብ ነው፤ ከከዋክብቱ በግልጽ ይለያል፤ ጅራት የለውም። ትንሹ ልጄ ግን ታየኝ ይበል እንጂ ማየቱን እጠራጠራለሁ። የግቢው ጥበቃ ሳይቀሩ ጋደም ብለው አይተውት «ይህቺው ናት እንዴ!» ብለው ሳቁ። በመሐል የአካባቢው መብራት ለጥቂት ጊዜ ጠፍቶ ነበር፤ መብራት ኃይልን በዚህ ጉዳይ ማመስገን ይቻል እንደሆነ አላውቅም እንጂ ያን ጊዜ ከቀድሞው በጣም ጎልቶ ታይቷል።

ጥያቄዬ አንድ ብቻ ነው። ተኝተን ስለነበር ሰሜንና ደቡቡ ተምታቶብኛልና፣ ያየነው ነገር ከማርስ ወደ ካፔላ በኩል ይሁን ወደ ሌላ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም። ከላይ ከተጠቀሱት ዘለላዎች አንዱ ሊሆን ይችላል?


መልስ፦ ሰማይ ቆጣሪ
ቅዳሜ የካቲት 4 ቀን 2015 ዓ.ም.

እንኳን ደስ አላችሁ። ኤም36 እና ጓደኞቹ ከማርስ ከአሥር ዲግሪ በላይ ስለሚርቁ፣ ማርስን ከክቡ ጠርዝ ትንሽ ስታወጡ የሚታይ ነገር እነርሱ አይደሉም። ኤም1ም እንዲሁ ሩቅ ነው፤ ድምቀቱም ከዚህ ያንሳል። ስለዚህ ያያችሁት ራሱን ጅራታም ኮከቡን መሆኑን እኔ አልጠራጠርም፤ ቢሆንም የምታረጋግጡበት መንገድ በእጃችሁ ስላለ በእኔ ቃል ብቻ አትመኑ።

ዛሬ ምሽት በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ቦታ፣ ራስዎን ወደ ደቡብ፣ እግርዎን ወደ ሰሜን አድርገው ይተኙ፤ እንዲህ ሲሆን ምሥራቅ በቀኝዎ፣ ምዕራብ በግራዎ ይሆናል። ከመጀመርዎ በፊት ባዶ ወረቀት ላይ ክብ ሥለው ማርስንና አጠገቧ ያሉትን ሦስት ወይም አራት ጎላ ያሉ ከዋክብት ነጥብ ነጥብ ያድርጉ፤ የጭጋጉን ቦታና ሰዓቱን ይመዝግቡ። ትናንት ወደ ካፔላ በኩል የነበረው ዛሬ ማርስን አልፎ ወደ አልደባራን በኩል ሆኖ ካገኙት፣ ከሰማይ ጭጋጎች ሁሉ እንዲህ የሚያደርግ ሌላ የለም። ትዕግሥት ካላችሁ አንድ ምሽትም ይበቃል፤ ከ2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ የሙሉ ጨረቃን ስፋት ግማሽ ያህል ስለሚሄድ፣ በአቅራቢያው ያለ ደብዛዛ ኮከብ ካለ መጠጋቱን ወይም መራቁን ልጆቹ ራሳቸው ያስተውላሉ።

በሚቀጥለው ሳምንት ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሰኞ የካቲት 6 እና ማክሰኞ የካቲት 7 ወደ አልደባራን ሲቃረብ፣ ከአልደባራን በስተሰሜን ምሥራቅ ሦስት ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ኤንጂሲ 1647 የተባለ የከዋክብት ዘለላ አለ፤ ድምቀቱ ከጅራታም ኮከቡ ብዙም ስለማይለይ፣ ከተማ ውስጥ ሲታይ ሁለቱ መንታ ይመስላሉ። በትኩረት ሲታይ ዘለላው ሰፋ ብሎ ጥቃቅን ነጥቦች የተበተኑበት ሲሆን፣ ጅራታም ኮከቡ ግን ወደ መሐሉ የሚሰበሰብ ነው። ስለዚህ በእነዚያ ቀናት አንድ ጭጋግ ብቻ አግኝታችሁ እንዳታቆሙ፤ ሁለቱንም ፈልጉ።

ድምቀቱን ራሳችሁ መለካት ብትፈልጉ የቆየ ዘዴ አለ። በመጀመሪያ የጅራታሙን ስፋትና ድምቀት በአእምሯችሁ ያዙ። ከዚያ ቁጥሯ በስቴላሪየም ላይ የሚታወቅ ኮከብ መርጣችሁ፣ እርሷም ያንን ያህል ሰፍታ ጭጋግ እስክትመስል ድረስ መዘውሩን በማዞር አደብዝዟት፤ ከጅራታሙ ደምቃ ወይም ደብዝዛ እንደሆነ አነጻጽሩ። ከእርሷ የሚደምቅ፣ ከሌላዋ የሚደበዝዝ መሆኑን ካገኛችሁ ቁጥሩ በሁለቱ መካከል ነው። እያንዳንዱ ልጅ የየራሱን ግምት ለብቻው ይጻፍ፤ ትንሹ ልጅዎ ማየቱንም አለማየቱንም በዚህ ያውቁታል።

የካቲት 13 አዲስ ጨረቃ ስለሆነች ከአሁን ጀምሮ እስከ ወሩ አጋማሽ ምሽቶቹ ጨለማ ናቸው፤ ጅራታም ኮከቡም ኦሪዮን ከሚባለው የከዋክብት ምድብ በስተምዕራብ ወዳለው ሌላ ምድብ ወደ ኤሪዳኑስ እየወረደ ይቀጥላል። በዚያ አካባቢ ግን እንደ ማርስ ያለ ደማቅ ምልክት ስለማይኖር፣ ድምቀቱም እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ ከጀሞ ግቢ ሆኖ ለማየት የሚመቸው እስከ አልደባራን ድረስ ያለው መንገዱ ነው። የዛሬው ምሽት ደመና ካልመጣ እኔም 2 ሰዓት ላይ ደጅ ነኝ፤ ያገኛችሁትን ነገ እዚሁ ጻፉልን።